ስለ ተዘጋው ቴሌቪዥንና ስለ ሐዲስ

ኅዳር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.
ናዝሬት

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ ይሁን፤ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ቀስቃሽ አያግኘው። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ይህንንም በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ የምለጥፈው ጎረቤት ሁሉ ምስጋናዬን አብሮ እንዲያነብልኝ ነው።

1ኛ. የአዳራሹን ቴሌቪዥን በሣጥን ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ዓለምን ስላሳዩን እናመሰግናለን። ማታ ማታ ስማችን እየተጠራ፣ የቀረው እየተመዘገበ፣ የቤይሩትን ፍርስራሽ፣ የኢራንንና የኢራቅን ጦርነት፣ የእንግሊዝን የከሰል ቆፋሪዎች አድማ ጠግበን አየን። ሰው መቼም መላ አያጣምና ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣ ሽንኩርት የሚቸረችሩት ወይዘሮ ቀመሪያ ሬሳ ሲታይ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ይስባሉ፤ ሽማግሌዎቹ ያንቀላፋሉ፤ እኔም የጣሪያውን ቆርቆሮ እቆጥራለሁ። የሰው መከራ እንዲህ ይለመዳል። ስለ ለመድኩትም ራሴን ተጸይፌዋለሁ።

2ኛ. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰልፍ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመልን እርስዎ ያውቃሉ። ባለፈው ወር ግን ወሎ ራሱ በቴሌቪዥኑ መጣ። ልብስ ሰፊዋ አሰለፈች ከረሃብተኞች መጠለያ ሰዎች መካከል፣ ከድንኳን ሥር ግማሽ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ የተኛውን ሰው አይታ «ወንድሜ ነው፣ ሐዲስ ነው» ስትል፣ ተኝቶ ይሁን ሞቶ ሳትለይ፣ እርስዎ ተነሥተው «ይህ የለቅሶ ቦታ አይደለም» አሉና ዘጉት። ስለ ፍጥነትዎ እናመሰግናለን፤ የአዳራሹ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ለማስቀየር እንዲህ ፈጥነው አያውቁም።

3ኛ. በማግሥቱ እግርዎ ላይ ወድቃ፣ ዜናው ከተደገመ እንዲያሳዩአት፣ ወሎ መሄጃ የይለፍ ወረቀትም እንዲጽፉላት ለመነችዎ። ዜና እንደማይደገም፣ በቴሌቪዥን የታየ ሰውም ማስረጃ እንደማይሆን አስረዷት። ሰልፉ ለምን እንደሚደገም አለማስረዳትዎ የጊዜ ማነስ ይሆናል።

እንግዲህ የእኛን ወግ ያውቁታል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው ካላረዱ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ ድንኳን የለም። አሰለፈች ጥቁር ብትለብስ በወንድሟ ላይ ማሟረት ሆነባት፤ ባትለብስ ሐሜት ሆነባት። ደግማ ለማየት በየማታው ከሁሉ ቀድማ ፊት ረድፍ ትቀመጣለች። እርስዎም ስሟን ሲጠሩ «አለሁ» ትላለች፤ መገኘቷንም በጥንቃቄ ይመዘግባሉ።

4ኛ. ሌላ አቤቱታ ነበረኝ፤ ነገር ግን ከዚህ ጎን የሚጻፍ አይደለምና ተውኩት።

ይህን ሁሉ ስለ ቻልንልዎ ወደፊትም እንዳይለዩን እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ እግር ሥር ዝቅ ብዬ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣
ደገፋ ሆራ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሳልለጥፈው፣ ወሎ እህል የሚያመላልሰውና አጣራልን ያልነው ሹፌር ሽኩር ትናንት ተመለሰ። ሐዲስ እርስዎ ቴሌቪዥኑን የዘጉ ዕለት በሕይወት ነበር። ያረፈው እህቱ የይለፍ ወረቀት በለመነችዎ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዛሬ ማለዳ አርድተናታል፤ ድንኳኑም ተተክሏል። ለቅሶ ለመድረስ እንዳይደክሙ።