የማኅተም ያዡ የአቶ ዘርዓብሩክ ኃይለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘርዓብሩክ ኃይለማርያም እንደማንኛውም ሰው አንድ ቀን ጠዋት መወለዳቸውን ቤተሰቡ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ቀኑ መስከረም 9 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ቦታው አራዳ ሠራተኛ ሰፈር፣ አባታቸው አቶ ኃይለማርያም ተሰማ፣ እናታቸው ወይዘሮ ለተሚካኤል ገብሬ ነበሩ።

ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊውን በማታ ተምረው፣ በ1962 ዓ.ም. አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የጥንት ሰነዶች ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። በመካከለኛው ዘመን የርስት ስጦታ በወንጌል ኅዳግ ላይ ተጽፎ፣ ምስክር ተጠርቶበት፣ በግዝት ይጸና እንደነበር፣ ማኅተም ኋላ የመጣ ነገር መሆኑን ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም ይናገሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለ በላይነህ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ሴት ልጅ፣ ጸሎትን ወልደዋል።

በ1984 ዓ.ም. የሰፈራችን እድር ማኅተም ያዥ ጠበል ሲገቡ፣ አቶ ዘርዓብሩክ ማኅተሙን ለሁለት ሳምንት እንዲይዙ ተለመኑ። ሰውየው ድነው ተመለሱ፤ ማኅተሙን ግን መልሰው አልጠየቁም።

ወይዘሮ አስካለ በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ክፍል አዘጋጀችላቸው። እርሳቸውም ቀሪ ዘመናቸውን ከእርሷ ጋር ሊኖሩ ቆርጠው፣ እድሩ እንዲያሰናብታቸው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ አቶ በፍቃዱ፣ «በጽሑፍ ያቅርቡ» አሏቸው። አቀረቡ። «ማኅተም የለበትም» ተባሉ። በደንባችን ደግሞ ማኅተም ያዥ በራሱ ጉዳይ ላይ አያትምም። ተተኪ ይመረጥልኝ ቢሉ፣ «የተተኪው ሹመትም ያው የእርስዎ ስንብት ነው፤ እንዴት አድርገው ያትሙበታል?» ተባሉ። በየጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄያቸው ይነሳል፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

«አባዬ፣ የክፍልህ ቀለም እኮ ደረቀ፤ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች ጸሎት በስልክ።

«ማኅተሙን ለማን ልስጠው?»

«ይዘኸው ና!»

የሰፈሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ፣ «እንዴ ጋሼ! ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን ማውጫ ለማስተም ሐዋሳ ድረስ እንሳፈር?» ብለው ይስቁ ነበር። እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን የንስሐ አባታቸውን፣ «አባ፣ ከግዝት ካህን ይፈታል፤ ከማኅተም የሚፈታው ማነው?» ብለው ጠየቋቸው። አባም አሰብ አድርገው፣ «እድሩን ይጠይቁ» አሏቸው።

ጥለው ቢሄዱስ የሚል አይጠፋም። አቶ በፍቃዱ ግን፣ «ያለ ማኅተም አንዲት ወንበር ከዕቃ ቤት የወጣች ዕለት እድሩ ፈረሰ» ይሉ ነበር፤ አቶ ዘርዓብሩክም የጎረቤት ሐዘን ሜዳ ላይ እንዲቀር የሚፈቅዱ ሰው አልነበሩም። ልባቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ፣ «ዝቅ ያለ አገር ይስማማዎታል» ቢላቸው፣ «አመለክታለሁ» ብለው ወጡ።

በዚሁ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸውን ወይዘሮ ጸሎትን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ብዙ ወዳጆችን ትተዋል። ነፍሳቸውን መሐሪው አምላክ ይቀበላት፤ በር ላይ ወረቀት ሳትጠየቅ ትግባ።

ባረፉበት ማለዳ ኮሚቴው ድንኳን ለማውጣት ተሰብስቦ ነበር። የማውጫው ወረቀት መታተም አለበት፤ አታሚው ሟቹ ናቸው፣ ጉዳዩም የራሳቸው ነው። አቶ በፍቃዱ ደንቡን ሲያገላብጡ ዝናብ ጀመረ። ይህን ጊዜ ንብረት ያዧ ወይዘሮ ሸፊቃ ማንንም ሳይጠይቁ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ። አቶ በፍቃዱም ደንቡን አጥፈው ገቡና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ።