ጥያቄው የማን ነው?

ማክሰኞ

ጆሴፍን ቀበሌ ያዘው። ያውም የእኔው ቀበሌ፣ ቦሌ ሚካኤል። ክፍል ስገባ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ጥፋቱ መጠየቁ ነው። ዘንድሮ ተማሪዎቼን ጥያቄውን ራሳችሁ ምረጡ፣ መልሱን ከሰው ደጅ ሄዳችሁ ፈልጉ ብያቸዋለሁ። የእኛዎቹ ብልጦች ናቸው፤ ስለ ዶሮ እርባታ ጠየቁ። ጆሴፍ ከታንዛኒያ መጥቶ አማርኛውን ለመደ እንጂ ምን እንደማይጠየቅ ማን ነገረው? የሰፈሬ ሴቶች ለምን የማታው መሠረተ ትምህርት ላይ አይገኙም ብሎ ከቤት ቤት ዞረ። ቀበሌያችን ደግሞ አንዲት ሴት እንኳ አትቀርም ብሎ ለበላይ ሪፖርት አድርጓል።

ከሥራ ወጥቼ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ አሉኝ። እንዴት ደክሞኛል።

ረቡዕ

ጆሴፍን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልተመታም። እግዜር ይመስገን።

ሊቀመንበሩ እትዬ ዘነበችን አስጠሩ፤ ጉሊት ቃሪያ የምትሸጠዋን ጎረቤቴን። ትምህርት ትቀሪያለሽ ወይ ሲሏት መሬት መሬት እያየች በጭራሽ አለች። በዚያ ሰዓት ቦኖው ጋ ባልዲዋን አሰልፋ እንደምትቆም አውቃለሁ። ውሃው የሚመጣው ልክ ትምህርቱ ሲጀመር ነው። ጆሴፍ ያገኘው መልስም ይኸው ነበር። አልፈርድባትም፤ የራሽን ስኳሯም ሳሙናዋም በሰውዬው እጅ ነው። የእኔም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ጥያቄ ማን ሰጠው? ከራሱ ያመነጨው ከሆነ ወደ አገሩ ይሸኛል። አውሮፕላን ማረፊያው እንደሆን ቅርብ ነው።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኩ።

ጆሴፍ ቀና ብሎ ሊናገር ሲል ዝም በል አልኩት። ለቀቁት። እኔ እሁድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አቀርባለሁ።

ሐሙስ

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወሬው ደርሷቸዋል። ተማሪ ጥያቄ ይምረጥ ማለት የንዑስ ከበርቴ ቅንጦት ነው አሉኝ። ከእንግዲህ ጥያቄው በወረቀት ይሰፍራል፣ እኔ እፈርምበታለሁ፣ ያለ ፊርማ ማንም ከግቢ አይወጣም።

ጆሴፍ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር።

ዓርብ

ሌሎቹ ሲወጡ ጆሴፍ ቀረ።

«መምህርት፣ ጥያቄው የተማሪው ነው ብለውን ነበር።»

ተናደድኩ። ጥያቄህን ታቅፈህ ዳሬሰላም ብትገባ ይሻልህ ነበር ወይ አልኩት። ደብተሩን ይዞ ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ ደጋገምኩት።

ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። ግለ ሂሱን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩ። ራስ ምታት።

እሁድ

ጎረቤት ሁሉ ፊት ቆሜ ተሳሳትኩ አልኩ። ሁለቴ ድገሚው ተባልኩ። አፈርኩ፤ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ከእኔ ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ተነሱ። ቀበሌው ባደረገው ጥናት የትምህርቱና የውሃው ሰዓት መጋጨቱ ስለተደረሰበት ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ስንወጣ እትዬ ዘነበች ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ሳበችኝ። «ያ እንግዳ ልጅ ደህና ነው? ይችን ስጪልኝ» ብላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቃሪያ አስጨበጠችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰኞ

ለጆሴፍ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቃሪያውንም ሰጠሁት። ከተያዘ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

«ጥያቄዬን እርስዎ ወሰዱ፣ መልሴን ሊቀመንበሩ ወሰዱ። ለእኔ ቃሪያው ቀረ።»

አብሬው ሳቅሁ፤ ግን ወጋኝ።

ከዚያ አዲሱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስሙ ተጽፏል፣ ክፍሉ ተጽፏል። ጥያቄው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ገና አላገኘሁትም፣ አሁን ይፈርሙልኝ አለ። ድፍረቱ! የእሁዱ አዳራሽ ዓይኔ ላይ መጣ፤ የኃላፊው ፊትም፣ የስኳር ወረፋውም። ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ፈረምኩ።

አጥፈህ ኪስህ ክተተው፣ ለማንም እንዳታሳይ አልኩት። ምን ሊጠይቅ እንዳሰበ አላውቅም። አልጠየቅኩትምም።