ጨውና ቀዝቃዛ ውሃ

ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ አራት
ከሆስፒታሉ እጥበት ክፍል፣ በሻይ ሰዓት

ለማትናገረው፣ ግን ሁሉን ለምትሰማው ልጄ፣ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሽማግሌው ለምልህ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይሰድበኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። አድራሻህን የሰጠኝ የብየዳ ቤቱ አለቃህ ነው። «እትዬ፣ እኔ ሰጠሁ እንዳይሉ» ብሎኛል። አንተም አልሰማህም።

ጽሕፈቴ ዝግ ያለ መሆኑን ታውቃለህ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው። ይህን ደብዳቤ በየቀኑ በሻይ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንዱ ቦታ ላይ ተናድጄ፣ ሌላው ቦታ ላይ ስቄ ብታገኘኝ ቀኑ ተለውጦ ነው።

ደብዳቤ ስትከፍት መጨረሻውን ቀድመህ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ዘለህ እንዳትሄድ ዋናውን እዚሁ ልንገርህ። እህትህን የገደላት ሰው ተይዟል። አንተ አይደለህም። ይህን የምለው አንተ ስለማታውቀው አይደለም፤ በእኔ እጅ ተጽፎ እንድታየው ነው።

ባለፋይሉን መቼም አትረሳውም። ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የመጣው፣ የገዳይን ጠባይ ከሟች አኳኋን ያነባል የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ፊት ለፊትህ የተቀመጠው እሱ ነው። ከእህትህ በፊት የሞቱት ሁለት ሴቶች በገዛ አንሶላቸው ተሸፍነው፣ ፊታቸው ተከድኖ ነበር የተገኙት። እሱም ከዚያ ተነስቶ ገዳዩን ሳለው። የሸፈናቸው ስላፈረ ነው፣ ይጸጸታል፣ ወጣት ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ የእጅ ሥራ ይሠራል፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል አለ።

ይህ በሬዲዮ ሲነበብ እኔ እዚሁ እየተኮስኩ ነበር። እህትህ ምሳዬን አምጥታልኝ አጠገቤ ቆማለች።

«እማዬ፣ ልጅሽን እየፈለጉት ነው እኮ! ስሙን ብቻ ነው የረሱት» አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። አንሶላው ከካውያው ሥር እስኪያርር ድረስ ሳቅን። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ጀርባ ባለችው ክፍሏ ውስጥ እንደነዚያ ተሸፍና ተገኘች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በብስክሌቱ ጉዳይ ከእሷ ጋር ስትጨቃጨቅ መንደሩ ሰምቷል። ለባለፋይሉ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ሥዕሉ ነበረው፤ ሰው አገኘለት።

ስለ ሸሚዙ ኋላ እመጣበታለሁ። አልሸሽም። እጄ እስኪፍታታ ታገሠኝ።

አሁን ጉዳዩን የያዘች አዲስ መርማሪ አለች፤ አንተ አታውቃትም። አጭር ናት፣ ጃንጥላዋን በየቢሮው ትረሳለች። አንተ ከሄድክ በስምንተኛው ወር ጠራችኝና የእህትህን ክፍል ፎቶ አሳየችኝ። አንሶላው የቤታችን መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። የቤታችን ነው አልኳት። ሌላ ነገር ያየሁ አልመሰለኝም። ዓይኔ ያረፈው ከአንሶላው ጫፍ ብቅ ባለው አውራ ጣቷ ላይ ነበር። ጥፍሯን ቀለም ቀብታዋለች፤ ግማሹ ተልጧል።

ከዚያ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት የቅዳሜና የእሁድ አንሶላ ተከምሮ ጥቅል እፈታ ነበር። አንተ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ስላደግህ ታውቀዋለህ። አንዱ አንሶላ ይዘረጋል፣ የቆሸሸው ሁሉ በውስጡ ይደረጋል፣ ይታሰራል፣ ወደኛ ይመጣል። አስተሳሰሩ እንደ ሰዉ ነው። አንዱ ጥቅል ብቻ ቋጠሮ የለውም፤ ጫፉ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ይጠመዘዝና ከሥር ይሸጎጣል። ስትጎትተው ይብስ ይጠብቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይህን ያሰረ እጁ ይቆረጥ!» እያልኩ በቀልድ ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ሴቶቹም ይስቁልኛል። ያን ሰኞ ጣቴን ከሥር አስገብቼ ጫፉን ላወጣ ስል ጣቴ ቆመ። እኔ ገና አልገባኝም፤ ጣቴ ግን ገብቶታል። ፎቶው ላይ ከእህትህ አውራ ጣት አጠገብ የነበረው የአንሶላ ጫፍ ነው።

የአልጋ ገፊው እጅ ነው። ታውቀዋለህ፤ በሽተኛውን ከክፍል ክፍል፣ የሞተውንም ወደ አስከሬን ክፍል የሚገፋው፣ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ። ፍሪጃችንን ደረጃው ላይ የተሸከማችሁት አንተና እሱ ናችሁ። እህትህ ናት ውሃ የሰጠችው። እዚህ ሲያየኝ ተነስቶ ወንበሩን ይለቅልኝ ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ «እትዬ፣ ልጁ ጻፈልዎ?» ይለኝ ነበር። እኔ ሞኟ አዝኖልኝ መስሎኝ «አልጻፈም» እያልኩ እመልስለታለሁ።

ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ባለፋይሉም ከመርማሪዋ ጋር እዚያው ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፋይሉን ዘጋ።

«እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። እናት ልጇን ነፃ ለማውጣት ስትል ብዙ ነገር ታያለች» አለኝ።

«እናት ሆኜ አልመጣሁም፤ አጣቢ ሆኜ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«አንሶላው የጸጸት ምልክት ነው። ይህ በጥናት የተደገፈ—»

«ጌታዬ፣ እርስዎ አንሶላ አጥፈው ያውቃሉ?»

ፋይሉን መልሶ ከፈተው።

«ቤትዎ አልጋውን የሚያነጥፈው ማነው?»

መርማሪዋን ሳል ያዛት። ሳል ግን አልመሰለኝም።

በማግስቱ መርማሪዋ ከሆስፒታሉ ስምንት ጥቅል አስመጣች። ከየት ከየት እንደመጡ እሷ ብቻ ጽፋ ይዛለች። የስብሰባ ጠረጴዛቸው ላይ ስትደረድራቸው ሽታው ፖሊሱን ሁሉ አፍንጫውን አስያዘው። እኔ ምን ይሸተኛል!

«ይኸውልዎ እናቴ፣ የማን የማን እንደሆነ ይንገሩን» አለችኝ።

«ይህ የወሊድ ክፍሏ ወፍራሟ ናት። ሁለት ጊዜ ትቋጥራለች። ከባሏ ስትጣላ ሦስት ታደርገዋለች፤ ዛሬ ሰላም ናቸው።»

መርማሪዋ ወረቀቷን አየት አደረገችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ አዲስ የተቀጠረው ነው፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው የሚያስረው። ይህ ግራኙ ነው። ይህ ደግሞ ሰነፉ፤ ሲነኩት ይፈታል፤ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።»

«እትዬ፣ የኔንም ጫማ ይዩልኝማ» አለ አንዱ ፖሊስ። ሳቁ።

«ያንተን ሚስትህ ናት ያሰረችልህ» አልኩት። ባሰባቸው። ባለፋይሉ ብቻ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ሰባቱን ሁሉ አልሳትኩም። ስምንተኛው ጋ ስደርስ አልነካሁትም። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ «ይህ ነው» አልኩ። ያኔ የሳቀ የለም። መርማሪዋ የሦስቱን ሴቶች ፎቶ አውጥታ ከጥቅሉ ጎን ዘረጋችው። ሦስት ፎቶ ነው፤ በየእግራቸው በኩል ሁለት ሁለት ጫፍ። ስድስቱም ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዝዘው ከሥር ተሸጉጠዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእነሱ ሥራ ነው። ቤቱ ሲፈተሽ የእህትህ የሱቅ ቁልፍና የሁለቱ ሴቶች ዕቃ ተገኘ። አንዷ እዚሁ ሆስፒታል አባቷን ስታስታምም የከረመች ናት፤ ሌላዋ በር ላይ የሞባይል ካርድ ትሸጥ ነበር። መርማሪዋ «ለምን ሸፈንካቸው?» ብላ ብትጠይቀው ጥያቄው ገርሞት «ሰው ሲሞት ይሸፈናል እኮ፤ እንዴት ክፍቱን ይተዋል?» አላት። ይኸው ነው። አላፈረም፣ አልተጸጸተም። የሥራ ልማዱ ነው። ያ ሁሉ የተማረ ሰው የተመራመረበት ጸጸት የአልጋ ገፊ ልማድ ሆኖ ቀረ። አንተ ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርክበት።

ባለፋይሉን ደረጃ ላይ አገኘሁትና «ልጄን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ በጽሑፍ፣ በማኅተም» አልኩት። «አሠራሩ አይፈቅድም» አለኝ። አሠራሩ አንተን ገዳይ ለማለት ፈቅዶለት ነበር! እኔም ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ከሥራ ስወጣ ቢሮው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አልጮህም፣ አልሳደብም። ዝም እላለሁ። ዝምተኛ ሰው ምን እንደሚመስል በደንብ ይየው። አሥራ አንድ ዓርብ ሆነኝ። በጓሮ በር መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ባለፈው ዓርብ ጥበቃው ራሱ ወንበሩን ተሸክሞ ጓሮ በር አስቀመጠልኝ።

በራችን ላይ የጻፉብንም ነገር ነበር። ቃሉን አልደግመውም። አንተ ከሄድክ በኋላ ጎረቤቶች አዝነውልኝ ላጥፋልሽ ሲሉኝ «ተዉት፤ የጻፈው ይምጣና ያጥፋው» ብያቸው ነበር። ሰውየው የተያዘ ሳምንት ባለሱቁ ብሩሽና ቀለም ይዞ መጣ። ጽሑፉን ቀብቶ አጠፋው። ሲጨርስ ውሃ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን ግን ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት።

እሺ። ሸሚዙ።

እህትህ በተገኘች በማግስቱ ጠዋት፣ ሊወስዱህ ሳይመጡ፣ የሥራ ሸሚዝህን ከወንበሩ ላይ አነሳሁት። ክንዱ ላይ ቀይ ነገር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥቤያለሁ። ደምን ከቀለም ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ እለያለሁ። ያን ጠዋት አልለየሁም። አላሸተትኩትምም። እጄ ሸሚዙን ይዟል፣ ጆሮዬ ግን ያን ሬዲዮ ነበር የሚሰማው፤ ዝምተኛ፣ በእጁ የሚሠራ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። ሳፋ አወጣሁ።

ፖሊሶቹ ሸሚዙን እርጥቡን ወሰዱት። ላቦራቶሪው የብረት በር ቀለም ነው፣ ቀዩ የዝገት መከላከያ ነው ብሎ ስለጻፈ ነው የለቀቁህ። ባለፋይሉ ግን «ገዳዩ እሱ ባይሆን ኖሮ እናቱ ሸሚዙን አታጥበውም ነበር» አለ። እኔ ለሁሉም «የእጥበት ቀኔ ነበር» አልኩ። ሰዉ አመነኝ ወይም ተወኝ።

አንተ ግን ያን ጠዋት ከክፍልህ ስትወጣ ሳፋውን አየህ። ጎንበስ ብለህ ጣትህን ውሃው ውስጥ ነከርክ። የጨው ዕቃው አጠገቤ ተከፍቶ ነበር።

ዘይት በሙቅ ውሃ፣ ደም በቀዝቃዛ ውሃና በጨው። ከፊደል በፊት ያስተማርኩህ ይህን ነው።

ቀና ብለህ አየኸኝ። በሩ ሲንኳኳ ራስህ ሄደህ ከፈትክላቸው። ሲለቁህም መጥተህ ልብስህን ሰበሰብክና ሄድክ። መንደሩ እኛ ነን ያባረርነው ብሎ ያፍራል፤ ባለሱቁም ለዚህ ነው ብሩሹን የያዘው። እኔ ማን እንዳባረረህ አውቃለሁ።

ፍርድ ቤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጠርቶ አዘጋጀኝ፤ ደግ ልጅ ነው። «የተከሳሹ ጠበቃ ሸሚዙን ያነሳብዎታል፤ የገዛ እናቱ ጠርጥራዋለች ሊል ነው። የእጥበት ቀን ነበር ይበሉ፤ በአንድ ቃል ያልቃል» አለኝ።

«የእጥበት ቀን አልነበረም» አልኩት።

«እማማ፣ ይጎዳናል።»

«ይጉዳን! የዚያን ሰው እጅ ያወቅኩት እኔ ነኝ። የራሴን እጅ ከኋላዬ ደብቄ የእሱን አላሳይም።»

እናገራለሁ፣ ልጄ። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ባለፋይሉ፣ መንደሩ ሁሉ በተቀመጠበት ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። በጨው አጠብኩት፤ አንድ ጠዋት ከወለድኩት ልጅ ይልቅ ሰው የጻፈውን ወረቀት አመንኩ፤ እላለሁ። ጠበቃው በዚህ ቢደሰት ይደሰት። ስምንቱን ጥቅል ከፊቱ ያምጡልኝና ደግሜ እፈታቸዋለሁ።

ይቅርታህን በደብዳቤ አልጠይቅም። ባለፋይሉን በጽሑፍ ያልኩት ፊቱን ማየት ስለማልፈልግ ነው። ያንተን ማየት እፈልጋለሁ። አልመጣም ብትል አልፈርድብህም፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ የምለውን እላለሁ። ከመጣህ ከኋላ እንዳትቀመጥ። ከፊት፣ ከእኔ ትይዩ፣ ቀና ብለህ ተቀመጥ። የብስክሌቱን ጎማ አስነፍቼዋለሁ፤ ለእህትህ ስትል አንድ ጊዜ ትነዳዋለህ።

የምትበይደው ብረት አይውደቅብህ። መነጽርህን ሳታደርግ እሳት እንዳትነካ። እንጀራህ ይባረክ፣ የምታድርበት ቤት ሰላም ይሁን። ፈጣሪ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ፤ ክፉ ሳይሆን ከሚሳሳት ሰውም፣ ከእኔም ጭምር።

አጣቢዋ እናትህ

ሸሚዝህን መልሰውልኛል። በክፍልህ በር ጀርባ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደግሜ አላጠብኩትም፣ አልተኮስኩትም። ቀዩ እንዳለ ነው። ማክሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ዳኛው ያየዋል። ሙሉ ጠዋት በጨው ፈትጌው ነበር፤ ደም ቢሆን ይለቅ ነበር።