በስሜ የተነሣው ደረት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽ፣ ዓይንሽ፣ ያቺ ጣትሽን መውጋት የማይሰለቻት የስፌት መኪናሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? ሌላ ጊዜ ቢሆን “እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ” ብዬ ወደ ወሬዬ እገባ ነበር። የዛሬው ጥያቄዬ ግን የወግ አይደለም። እስትንፋስሽ እንዴት ነው? ደረጃሽን ስትወጪስ? መልሱን በልብሽ ያዢውና ወደ ታች አንብቢ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ በሰው እጅ ነው የደረሰሽ። ያመጣችልሽን ሴት ወንበር ስጪያትና ትቀመጥ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ግን እንዳታናግሪያት። አውቅሻለሁ። ገና ሁለት መስመር ሳትሄጂ ቀልድ ትጀምሪያለሽ፣ ቀልዱ ሌላ ቀልድ ይወልዳል፣ ዋናው ጉዳይ ተረስቶ ይቀራል። በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው። “ወፍጮ” ብዬ ስም ያወጣሁልሽ በከንቱ አይደለም። ዛሬ ለአንዲት ቀን እኔ ልናገር፣ አንቺ ስሚኝ።

ወደዚያ ከተማ ከመሄድሽ በፊት እኔ ዘንድ ሰንብተሽ በነበረ ጊዜ፣ የዳቦ ቤታችን ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ ደረቱን ራጅ ይነሣ ብሎ ማዘዙን ታስታውሻለሽ። እኔ ያን ሰሞን ሳል ላይ ነበርኩ። ዱቄቱ ሲቦን ደረቴ ጭምድድ ይላል፤ ማታ ስተኛ ያፍነኛል። ራጁ ጉድ ካወጣብኝ ከሊጥ ክፍሉ መባረሬ ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ። አንቺ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ ጥፍርሽን እየሞረድሽ፣ ይኼ ነው እንዴ እንዲህ ያስጨነቀሽ፣ ካርዱን ወዲህ በዪው፣ የኔ ሳንባ የፈረስ ሳንባ ነው፣ እሱን ያንሡልሽ አልሽኝ።

ሰጠሁሽ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያምታታን እህትማማቾች ነን፤ ራጅ አንሺው ደግሞ ስም ጠርቶ አገጭ ከማስደገፍ በቀር የሰው ፊት ቀና ብሎ አያይም። የሥራ ሽርጤን አሥረሽ፣ በስሜ “አቤት” ብለሽ ገብተሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ተነሥተሽ፣ እየሳቅሽ ተመለስሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

ውጤቱ የመጣው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ኃላፊው ከሊጡ ላይ አስጠርቶኝ፣ ሐኪም ቤት ይፈልጉሻል፣ ዛሬውኑ ሂጂ አለኝ። ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ፎቶውን በመብራቱ ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። በስተቀኝ፣ ከሳንባው ግርጌ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል። ሳንባውን በሸፈነው ስስ ልባስና በደረቱ ግድግዳ መካከል ውሃ ተቋጥሯል አለችኝ። ውሃ እዚያ ያለ ምክንያት አይገባም፣ ምክንያቱን ማግኘት አለብን አለች።

እንዴት ብዬ ላስረዳሽ እታለም? የማን ደረት እንደሆነ ረሳሁት። ሳሉ የኔ፣ ፎቶው ላይ የተጻፈው ስም የኔ፣ ፍርሃቱም የኔ፤ ታዲያ ደረቱስ የማን ሊሆን ነው? ሳልጠየቅ የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ። በኋላ ሳስበው ግን ልቤ እያወቀ ነው እላለሁ። የሷ ከሚሆን የኔ ይሁን ብሎ ዝም ያለ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ጀርባዬን በጣቷ ታንኳኳው ጀመር። ከላይ፣ ከታች፣ ግራውን፣ ቀኙን። የሞላ በርሜልና ባዶ በርሜል ሲመቱ ድምፃቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ ውሃ የያዘ ደረትም ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል አለች። ከዚያ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ “አርባ አራት በዪ” አለችኝ። አልኩ። ድገሚ አለችኝ፤ ደገምኩ። አንቺ ብትሆኚ ሦስተኛው ላይ አርባ አምስት ትዪያት ነበር። ውሃ ባለበት በኩል የድምፁ ንዝረት ይጠፋል አሉ። የኔ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚንቀጠቀጠው። ግንባሯን ቋጠረችና እንደገና አንኳኳች።

ውሃ አላገኘች። ያገኘችው ፉጨት ነው። ትንፋሼን ሳስወጣ ከውስጥ ያፏጫል። በአንድ ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሌ አስነፋችኝና አስም ነው፣ የሚቀሰቅሰውም ዱቄቱ ነው አለችኝ። አፍ ላይ ተደርጎ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ። መጀመሪያ እንደ ሽቶ ምላሴ ላይ ነፍቼ ዋጥኩት፤ ያቺ ቁጥብ ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ ወግ አለው። ትወዘውዢዋለሽ፣ አየርሽን ታስወጪያለሽ፣ በከንፈርሽ ግጥም አድርገሽ ትይዣለሽ፣ ቀስ ብለሽ መሳብ ስትጀምሪ ትጫኚዋለሽ፣ ከዚያ ትንፋሽሽን ይዘሽ ትቆያለሽ። በየቀኑ የምስበው ሌላ ነው፣ ሲያፍነኝ ብቻ የምስበው ሌላ ነው። የየቀኑን ከሳብኩ በኋላ አፌን እጉመጠመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አድራለሁ። የኔ ነገር ይኼው ነው፤ ስለኔ አታስቢ።

ሐኪሟ ግን አልተዋጠላትም። ጆሮዬና ዓይኔ ተጣሉ፣ ሌላ ፎቶ ተነሺ አለችኝ። ተነሣሁ፤ በዚህኛው ራሴ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለጠፈችና እያፈራረቀች አየቻቸው። አዲሱ ላይ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በብዕሯ ጫፍ የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ነካ አደረገችና፣ ይኼ ተሰብሮ የገጠመ አጥንት ነው፣ መቼ ነው የተሰበርሽው ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ ተሰብሬ አላውቅም።

ያ ግንብ ታወሰኝ። ኳሱ ጎረቤት ግቢ ገብቶ እኔ ግንቡ ላይ ወጥቼ መውረድ ሲያቅተኝ፣ አንቺ ከሥር ቆመሽ እጅሽን ዘርግተሽ፣ ዝለዪ አይዞሽ እይዝሻለሁ ስትዪኝ። ይዘሽኛልም። እኔ አንድ ቦታ አልተጫርኩም፤ ያንቺ አጥንት ግን ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ለእማዬ በደረጃው ላይ አደናቅፎኝ ነው አልሻት፤ እኔ እንዳልገረፍ። ያ አጥንት ይኸው ጎልቶ፣ ጎብጦ፣ መብራቱ ላይ ተለጥፎ ያየኛል። በላዩ ስሜ ተጽፏል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሐኪሟ ምን እንዳስለቀሰኝ ጠየቀችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ፣ ታዲያ እህትሽ የት ናት አለችኝ። ትኩሳት አላት? ሌሊት ያልባታል? ከስታለች? በአንድ ጎኗ ብቻ ነው የምትተኛው? እኔ ደግሞ በስልክ የነገርሽኝን ቀልድ ሁሉ እያስታወስኩ አንድ በአንድ መለስኩላት። ወገቤ እንደ ልጃገረድ ቀጠነ፣ ቀሚሶቼን ሁሉ አጠበብኩ ያልሽውን። በግራ ጎኔ ስተኛ አየር ያጥረኛል፣ ቀኙን ለምጃለሁ ያልሽውን። ፎቁን ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ቁልፍ የምፈልግ እመስላለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ዝርክርክ ብሎኛል ያልሽውን። መድኃኒት ቤቱ ብርድ ነው ብሎ የሳል ሽሮፕ መስጠቱን። ያኔ አብሬሽ ስስቅ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሜ ስናገረው አንዱም አላሳቀኝም።

ሐኪሟ ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ ቶሎ የምጠረጥረው እሱን ነው አለች። የሳንባ ምች ትቶት የሄደም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ምክንያት አለ። ውሃው ተቀድቶ ሳይመረመር በግምት አልናገርም አለች። ቲቢ ከሆነ ግን የሚድን ነው። ስድስት ወር ሳይቋረጥ መድኃኒት መዋጥ ነው። ትንሽ ሻል ሲል ማቆም የለም፤ ካቆሙት መልሶ ይመጣል፣ ያውም በርትቶ። አንቺ ደግሞ የጀመርሽውን ሹራብ እንኳ ጨርሰሽ የማታውቂ ሰው ነሽ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከራስጌሽ ቆሜ አስውጥሻለሁ፤ አፍሽንም አስከፍቼ አያለሁ። እየጠበቅን ከከረምን ግን ውሃው ሊረጋና ሳንባሽን አጣብቆ ሊይዘው ይችላል አለች። ያን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። የፈራሁት እሱን ነው።

አሁን ደግሞ የደበቅሁሽን ልናገር። ውሃው የሚቀዳው በመርፌ ነው። ይኸው ወጣልኝ።

ጨለማ፣ ውሻ፣ የሰከረ ሰው የማትፈሪ አንቺ፣ መርፌ ስታዪ ምን እንደምትሆኚ እኔ ነኝ የማውቅ። ትምህርት ቤት ከታቢዎች የመጡ ዕለት ከመጥረጊያና ከባልዲ መሃል ተደብቀሽ የተገኘሽ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሐኪሟን እንደ መርማሪ ነው የጠየቅኳት። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ወደ ፊት ጠረጴዛ ትደገፊያለሽ፤ ትራስ ይሰጡሻል። ውሃው የት እንዳለ በመሣሪያ አይተው ምልክት ያደርጋሉ። ቦታውን ያደነዝዙታል፤ የማደንዘዣዋ መርፌ ትንሽ ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ መጫን እንጂ መውጋት አይሰማሽም። ሁሉም በጀርባሽ በኩል ስለሆነ መርፌውን አታዪውም። እኔ ፊት ለፊትሽ እሆናለሁ፤ የምታዪው የኔን አስቀያሚ ፊት ነው። ውሃው ሲቀዳላቸው ሰዎች ከትከሻቸው ጆንያ የወረደ ያህል እፎይ ይላሉ አለችኝ። እፎይ ስትዪ መስማት እፈልጋለሁ።

ለዳቦ ቤቱ ኃላፊም እውነቱን ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ጮኸብኝ፤ የሂሳብ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከዚያ ተቀምጦ፣ እህትሽ ትድናለች ወይ አለኝ። ከሊጥ ክፍሉ አውጥቶ መሸጫው መስኮት ላይ አድርጎኛል፤ ዱቄት የለም፣ አየር አለ። ለእናቱ ቀብር እንኳ ዳቦ ቤቱን ያልዘጋ ሰው ፈቃድ ስጠኝ ስለው ሂጂ አለኝ። ለምን ፈቃድ እንዳስፈለገኝ ይገባሽ ይሆናል።

አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ አዲስ አንሶላ አለው። ሐኪሟ ስምሽን ይዛ ትጠብቃለች፤ የራስሽን ስም፣ አስተካክዬ አስጽፌዋለሁ። የስፌት መኪናሽ የትም አትሄድም፣ በኋላ እናስመጣታለን። ደንበኞችሽም ቀሚሳቸውን ትንሽ ይታገሱ።

እንግዲህ ወደ መልእክተኛዋ። አራት ፎቅ ስለወጣች ሳያፍናት አልቀረም። ከኪሷ ትንሽ ነገር አውጥታ አፏ ላይ ግጥም አድርጋ ብትስብ አትደንግጪ፤ እንዴት እንደሚሳብ ተምራለች። ውሃ ስጪያት። ሻንጣሽን የምትሸከመው እሷ ናት፤ አንቺ ከባድ ነገር አታነሺም። ደረጃውን ስትወርዱ ክንድሽን ስጪያት፤ አልለቅሽም። እኔም አንድ ጊዜ ከግንብ ላይ ሆኜ አምኜሽ ዘልያለሁ።

ትንፋሽሽን ሙሉ ያድርግልሽ። ከበሽታሽ ፈውሶ፣ ቀልድሽን ሳይቀንስ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። እህት አያሳጣኝ።

ተሰብረሽ የያዝሻት
ታናሽሽ

ጨረስሽ? አሁን ቀና ማለትና መናገር ትችያለሽ።