ገመዱን ንቀልና ሰካ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማን ጻፈለት ብለህ ሰው እንዳትጠረጥር። ሳልነግርህ የጀመርኩትን የማታ የፊደል ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጡት አዛውንት መነጽራቸውን እየረሱ ይመጡ እንደነበር ግን ለማንም አትንገር። ደብዳቤውን በበርህ ስር የምከተውም እኔው ነኝ፤ ያለኸው አንድ ፎቅ ከፍ ብለህ ነውና። ወንበርህን ስትጎትት ከአናቴ በላይ ይሰማኛል። እንዲህ ተቀራርቦ ደብዳቤ መጻፍ ያስቃል፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልክህ ላይ የምታቀረቅረው ግን አንተ ነህ።

ታች ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብረን ስንሠራ እኔ በፊቱ ክፍል ፎቶ አነሳለሁ፤ አንተ ጓዳ ተቀምጠህ ታሳምራለህ፣ ታትማለህ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ የሚሉት ፕሮግራም ተጭኖባቸው በአንድ ገመድ ይነጋገራሉ። ያነሳሁትን ሁሉ አንተ ጋ ባለው የጋራ ፎልደር ውስጥ እከታለሁ፤ ማተሚያው የሚያትመው ከዚያ ብቻ ነው። ፎልደሩ ታዲያ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ስክሪኑ ላይ የሆነች ጽሑፍ ብቅ ትላለች፤ እኔ እንደሁ ያኔ ፊደልና ጉንዳን አልለይም። "ኧረ ይሄ ነገር ዛሬም አኮረፈ" ብዬ እጣራለሁ።

"ጋሼ፣ ገመዱን ንቀልና ሰካ" ትለኛለህ ከጓዳ።

ጠረጴዛው ስር እንበረከካለሁ፣ እነቅላለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ እሰካለሁ። ፎቶው ይገባል። ደንበኞች እያዩ አቧራዬን አራግፌ እነሳና "ዋናው እጅ ነው እንጂ ኮምፒውተር ምን ያውቃል" እላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ ሲያስቸግረው እኔን መጥራት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ድረስ ሄጄ ነቅዬ ሰክቻለሁ። እሷን ያስቸገራት ፍሪጅ ነበር፤ ቢሆንም ሠራላት።

ከዚያ፣ ላይ ቤት የራስህን ስቱዲዮ ከፈትክ። በመስኮት ገመድ ስበህ አዲሱን ኮምፒውተርህን ከታች ካለው ፎልደር ጋር አገናኘኸው። "ፎቶዎቹ የሁለታችንም ናቸው" አልክ፤ እኔም እሺ አልኩ። በማግስቱ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ከአሮጌ ፎቶ ላይ ለቀብር የሚሆን አሳድግልኝ ብለው መጡ። አነሳሁት፤ ፎልደሩ ግን እምቢ አለ። ተንበረከክሁ፣ ነቀልኩ፣ እፍ አልኩ፣ ሰካሁ። ምንም። ደገምኩ። "ተወው ልጄ፣ ጉልበትህን አትጉዳ፤ ላይ ቤት ልሞክር" ብለው ወጡ።

ሲመለሱ የባለቤታቸውን ፎቶ አቅፈው ነበር። "ወንድምህ ደግ ልጅ ነው። ብቻ 'ገመዱን ነቀለልዎ እንዴ?' ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው እንጃ" አሉኝ።

እኔም ምኑ እንዳሳቀህ አልገባኝም። ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ያችን ጽሑፍ በማታ ትምህርቱ እንደለመድኩት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። "ፈቃድ ተከልክሏል" ትላለች፤ በገዛ ፊደላችን። ስክሪኑን በአማርኛ ያደረግኸው አንተው ነህ። እኔ እንደሁ አላነብ፤ ምን ያሰጋሃል?

የኮምፒውተር ጥገና ቤቷን ልጅ ጠራኋት። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ላሳያት ስል "ይነሱ እንጂ፣ ገመዱስ ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው" አለችኝ። እሷ እንዳለችው፣ የጓዳው ኮምፒውተር ፎልደሩን እንዳይ እንጂ ምንም እንዳላስገባ አድርጎ ነው የሚያውቀኝ። "ይሄ በራሱ አይመጣም፤ ሰው ነው ያደረገው። ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል።" ለካ እኔ ስንበረከክ አንተ ትከፍታለህ፤ አቧራዬን ሳራግፍ ትዘጋለህ።

ቀጥላም "ፎቶዎቹ ደግሞ እየጠፉ ነው፤ የላዩ ኮምፒውተር እየወሰደ ከዚህ እየሰረዘ ነው" አለችኝ። ፈለግሁ። እናታችንን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ ያነሳኋት፣ ስትስቅ ዓይኗን የጨፈነችበት ፎቶ የለም። ነፍሷን ይማርና፣ ሌላ ፎቶ እንደሌላት ታውቃለህ።

"ጋሼ፣ ማንበብ ስለማትችል ታበላሽብኛለህ" ብትለኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። እቀልድበት ነበር እንጂ አልቀየምህም። ግን እዚያ ጠረጴዛ ስር ደስ ብሎኝ የምገባው፣ ጓዳ ተቀምጦ ለሚያነበው ወንድሜ እኔም አንድ ነገር እጠቅመዋለሁ ብዬ ነበር። የሳቅኸው በእሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። "ጋሼ፣ ፎልደሩ አላሰርዝም አለኝ፤ ምን ሆኖ ነው?" ይላል። ለማንም ሳላስነብብ ራሴ አነበብኩት። እንዲህ እንዲሆን ያደረገችው ልጅቷ ናት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ አዲሱን የይለፍ ቃልም በራሴ ጣት ነው የጻፍኩት። ከእንግዲህ ፎቶዎቹን ማየት ትችላለህ። መቅዳትም ትችላለህ፤ እንዳንተ አልሆንም። አንዲቷን እንኳ ማጥፋት ግን አትችልም። የእናታችንን ፎቶ በፍላሽ አድርገህ በበሬ ስር ክተትልኝ።

ከዚያ ውጭ ፎልደሩ እምቢ ካለህ፣ ጠረጴዛው ስር ግባና ገመዱን ንቀልና ሰካ። እፍ ማለቱን እንዳትረሳ።

ከታች ቤት፣
ታላቅ ወንድምህ