ፈትተህ የሄድካት ሞተር

ውቤ፣ የልጅነት ባሌ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ለሙት ዓመትህ ጌሾው ተወቅጧል፤ ለንስሐ አባትህም ተነግሯቸዋል። በቤት በኩል ሁሉም እንደነበረ ነው ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ግን የሞተሯን ነገር ሳልነግርህ ዓመትህን ማውጣት አልቻልኩም።

ከመሥሪያ ቤትህ በጨረታ ስትወጣ የገዛሃት አሮጌዋ የጃፓን ሞተር ከልጃችን ከሰብለ በዕድሜ ትበልጣለች። የፊት ጭቃ መከላከያዋን ከፍ አድርገህ የሰቀልከው የቡሬ ገጠር ጭቃ ጎማዋን ጠቅጥቆ እንዳያቆማት ነበር። የጭስ ማውጫዋን ወደ ላይ ያዞርከው ወንዝ ስትሻገር ውኃ እንዳይገባባት ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ ሞተር ታመጣለህ፤ አልገጥም ሲል በሞረድ ትሞርደዋለህ፤ እሱም ሲጠፋ ከዘይት ጣሳ ላይ ቆርጠህ ራስህ ትሠራለህ። የፍኖተ ሰላም ሰው «ውብሸት ሞተር አይነዳም፣ ሞተር ያስታምማል» እያለ ይስቅብህ ነበር። አንተም አብረህ ትስቃለህ።

ለመጨረሻ ጊዜ የፈታሃት ለሰብለ ብለህ ነው። ልጃችን ደምበጫ ገጠር ጤና ኬላ ተመድባ፣ የክትባት ሣጥን ተሸክማ ከጎጥ ጎጥ በእግሯ መዞሯ አንጀትህን በላው። እግሯ መሬት እንዲነካ መቀመጫውን ዝቅ ላድርግላት አልክ። በዚያው ኢንጂኑንም ልፈትሽ ብለህ ከፈትከው።

አሠራርህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በረንዳው ላይ ጆንያ ታነጥፋለህ፤ የፈታኸውን ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ትደረድራለህ፤ ስትገጥም ከቀኝ ጀምረህ ወደ ግራ ትመለሳለህ። ጆንያውን ማንም አይሻገርም። ዶሮ ጠጋ ካለች ጫማህ ይወረወርባታል። እንግዳ ሲመጣብን በጓሮ በር ነበር የማስገባው።

ሆድህን አሞህ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ስንወጣ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብተህ እንኳ ዘወር ብለህ «ጆንያውን አደራ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» አልከኝ። ሚስቴን አደራ ሳይል ጆንያውን አደራ ይላል ብዬ ሳቅሁብህ። አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ሆነ።

አስከሬንህን ይዘን ስንመለስ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርድሮ ደረስን። ጎረቤታችን እትየ ሙሉነሽ መርዶውን እንደሰሙ ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ የሟች ቤት በዘይትና በብረት ተዝረክርኮ እንዳይታይ ብለው፣ ከሴቶቹ ጋር ጆንያውን በአራት ጫፉ አንሥተው፣ ብረቱን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ገልብጠውታል። በላምባ አጥበው፣ በጨርቅ ወልውለው ከአልጋችን ሥር አስቀመጡት።

በሰልስትህ ማግስት እጄን ይዘው አሳዩኝ። «አየሽ የኔ ልጅ፣ አንድም አልጠፋ። እንደ ብር አድርጌ ነው ያጠብኩት። ነፍሱ ደስ ይበላት» አሉኝ።

ሳፋውን አየሁት። ያንተ ተራ የለም። ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ተደባልቆ ያበራል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ፣ ውቤ? ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አልነግራቸውምም።

ቡሬ ጋራዥ ያለውን ጓደኛህን ዓለሙን አስጠራሁት። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ ለጥምቀት ሰሞን መጣልኝ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ዋለ። የሚመሳሰሉ ሁለት ቀለበቶች ያነሣል፣ ውፍረታቸውን በጥፍሩ ይዳስሳል፣ አንዱን ያስገባል፣ መልሶ ያወጣዋል። «ሌላ ሞተር ብትሆን እስካሁን ጨርሼ ምሳዬን በልቼ ነበር። ይቺ ግን ግማሿ ጃፓን ነው፣ ግማሿ ውብሸት ነው» አለኝ።

አመሻሹ ላይ ገጥሞ ጨረሰ። ሳፋው ውስጥ ግን እፍኝ የሚሞላ ብረት ተርፎ ነበር። ረግጦ ሲያስነሣት ከውስጧ ኳ፣ ኳ አለና ጸጥ አለች። ዓለሙ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ምነው ውቤ፣ ሞተህም ትፈትነናለህ?» አለ። ሳቅን። ከዚያ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም እንዳላየ ሰው ሳፋውን አንሥቼ ገባሁ።

ሰብለ ለፋሲካ ስትመጣ እግሯ አብጦ ነበር። ጫማዋን ስታወልቅ ብቻ አየኋት። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት።

ዓለሙ ያገኘው መላ አንድ ብቻ ነው። አንተ የሞረድከውን፣ የቆረጥከውን፣ ያስማማኸውን እንዳለ አውጥቶ፣ ከሌላ ሞተር የወጣ ሙሉ ኢንጂን መግጠም። «አንቺ ካላልሽኝ አልነካትም» አለኝ። እምቢ ብል ልጅህ በጭቃ ትሄዳለች፤ እሺ ብል የእጅህ ሥራ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ የማማክረው አንተን ነበር። ማንን ልጠይቅ? በረንዳው ላይ ቆሜ ቆሜ፣ እሺ አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ገጠማት። መቀመጫውንም ዝቅ አደረገላት። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች። ሰብለ እስከ አስፋልቱ ነድታት ስትመለስ እትየ ሙሉነሽ ከአጥራቸው ማዶ እልልታውን አቀለጡት፤ «ውብሸት መጣ! ድምፁ ያው፣ ያው ራሱ!» እያሉ በእንባ ታጠቡ።

ያው አልነበረም። ያንተዋ በገበያው በኩል ስትታጠፍ መጀመሪያ ታስላለች፤ ቀጥሎ ልትጠፋ የደረሰች ይመስል ትወርዳለች፤ ከዚያ ዳገቱን ስትይዝ ድምጿ ይወፍራል። እኔ ወጡን የማወርደው እዚያ ላይ ነበር። የአሁኗ እንደ ማንኛውም ሞተር ናት፤ ጥርት ያለች፣ ከታችም ከላይም አንድ ዓይነት።

«እማ፣ እንዴት ነች?» አለችኝ ሰብለ ከላይዋ ሳትወርድ። ፊቷ በርቷል።

«ጥሩ ነች» አልኳት። ጥሩም ነች። ሰኞ ማለዳ የክትባት ሣጥኗን ከኋላ አስራ ወደ ደምበጫ ሄደችባት።

ውቤ፣ ሰብለ አዲሱን ድምፅ ለምዳለች። እትየ ሙሉነሽም ያው ነው ብለው አምነዋል፤ ይመኑ። ያንተን ለይቶ የሚያውቅ እንግዲህ እኔ ብቻ ቀረሁ። ለልጅህ ላሰማት ብዬ በአፌ ሞከርኩት፤ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አልወጣልኝም። ለማንም ማውረስ የማልችለው ነገር ሆነብኝ። ይህችን ብቻ ቃል እገባልሃለሁ፦ እኔ እስካለሁ ድረስ አመሻሽ ላይ በዚያ ዳገት ትመጣለህ፤ እሰማሃለሁ።

ሚስትህ ደብሪቱ