የእናቴ የመዳብ ድስት

ኅዳር 14፣ መካነ ሰላም

ዛሬ ጠዋት የወንድሜ የሰይድ የዓሣ ጫጩቶች በርሜላቸው ውስጥ ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው። ከዐረብ አገር ሲመለስ «እነዚህ ካደጉልኝ ወላሂ ዳግመኛ አልሰደድም» ብሎ ነበር።

ትናንት እሱ ደጎሎ ከተማ ሄዶ ሳለ እናታችን «በረዳቸው» ብላ አዘነችላቸው። የመዳብ ድስቷን በሎሚ ፈትጋ፣ ውኃ ለብ አድርጋበት ጨመረችላቸው። ሎሚ የነካው መዳብ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ጫጩት እንደሚፈጅ ሰይድ አስቀድሞ ለእኔ ነግሮኝ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ቤቱ ለእኔና ለሰይድ ስለጠበበ ይሆን?

«አሙቄላቸው ነበር እኮ ልጄ!» አለችው እያለቀሰች።

ሰይድ ድስቱን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ደግ አደረግሽ እማ። ብርዱ ነው» አላት።

ተመልሶ ሊሄድ ነው። አሁን የመንገድ ስንቁን ልትሠራበት ድስቱን እንደገና በሎሚ እየፈተገች ነው።